ቀልዱን በደሴ አፍ ንገሩን

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ አካባቢ በአንድ አዳራሽ የኮሜዲ ምሽት ነበር። መድረክ ላይ ከወጡት ልጆች አንዱን አውቀዋለሁ። ሻይ ቤት ሲያወራ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ያን ምሽት ግን ማይኩን ሲጨብጥ አፉ ተቀየረ። ዘወትር "አብሽር" የሚለው ልጅ "አይዞህ" ማለት ጀመረ። አነጋገሩ ሁሉ የአዲስ አበባ ሆነ። ቀልዱ ሻይ ቤት ያሳቀን ያው ቀልድ ነው። የሳቀው ሰው ግን ጥቂት ነበር።

ይህ ከልብ ያሳዝነኛል። የቀልድ ግማሹ አነጋገር ነውና።

"ገና ነው" የሚለውን ውሰዱ። አከራይ "ኪራዩስ?" ይላል። ተከራይ "ገና ነው" ብሎ ይመልሳል። "ና" ከላላ፣ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ከጠበቀ በዓሉ ነው። አከራዩም "እንኳን አደረሰህ፣ አሁን ብሩን አምጣ" ሊለው ይችላል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ለይቶ አይጽፍም። ይህን ቀልድ የሚያኖረው ጆሮ ብቻ ነው። ምላስ ትንሽ ካመነታ አለቀለት።

ግሣችንም መጨረሻ ላይ መምጣቱ ትልቅ ሀብት ነው። "አጎቴ ለሰው ገንዘብ ማበደር…" ብላችሁ ትንሽ ዝም በሉ። ሰው "ይወዳል" የሚለውን ይጠብቃል። "…ያንቀጠቅጠዋል" ስትሉ ሳቁ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ግሡ ከገንዘቡ ቀድሞ ስለሚመጣ ምስጢሩ ቶሎ ይወጣል። ቀልደኛው ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። ጃፓንኛ ግን እንደኛ ግሡን ወደ ኋላ ያቆያል። ጃፓኖች ራኩጎ የሚሉት የቆየ የመድረክ ጥበብ አላቸው። ተራኪው ብቻውን ትራስ ላይ ይቀመጣል። ማራገቢያና ትንሽ ጨርቅ ብቻ ይይዛል። ፊቱን ግራና ቀኝ እያዞረ፣ የአክብሮት አነጋገሩን እየቀያየረ ሽማግሌውንም ወጣቱንም ይሆናል። እኛስ "አንተ" እና "አንቱ" አሉን አይደል? ብር እስኪበደር "አንቱ" ብሎ፣ መክፈያው ሲደርስ "አንተ" የሚል ሰው ብቻውን አንድ ሙሉ ጨዋታ ነው።

ልጁ ለምን አፉን እንደቀየረ ይገባኛል። የክፍለ ሀገር አነጋገር መድረክ ላይ ሞኝን ለማሳየት ሲውል እያየ አድጓል። እንዲያ ያለውን ቀልድ አልወደውም። እዚያ የሚሳቀው በተናጋሪው ሰው ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ የተወለደው ቀልደኛ ትሬቨር ኖህ የብዙ ሕዝቦችን አነጋገር ያስመስላል። ግን የገዛ እናቱንም አነጋገር መድረክ ላይ ያመጣል። ከቤት ሲጀመር ፍቅሩ ይታያል።

ዘፋኞቻችን እንኳ በአገራቸው ስም አላፈሩም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። ወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት ሆኖ ቡና የሚጠጣበት አገር ነው። "ወላሂ" እና "በማርያም" በአንድ ስኒ ዙሪያ ይሰማሉ። ከዚህ የሚወጣውን ጨዋታ ሌላ ከተማ የተወለደ ሰው ሊጽፈው ይቸግረዋል።

ከዝግጅቱ በኋላ ልጁን ሻይ ቤት አገኘሁት። ያንኑ ቀልድ ደግመህ ንገረን አልነው። በራሱ አፍ ነገረን። ሻይ የምታቀርበው ልጅ ትሪዋን አስቀምጣ ሳቀች። በሚቀጥለው ወር ኮምቦልቻ ላይ ይሠራል። እንደዚሁ አድርገው ብዬ ለምኜዋለሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ።