«ብራይድግሩም» ከፈረስ ያዥ አልመጣም
ሙሽራው በእንግሊዝኛ «ብራይድግሩም» የተባለው የሙሽሪትን ፈረስ ይይዝ ከነበረ አሽከር ነው የሚለው አልተዋጠልኝም። ታሪኩ ያምራል፤ ግን ቃሉ ያን ፈረስ በዕድሜ ይበልጠዋል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ብሪድጉማ» ነበር። «ብሪድ» ሙሽሪት፣ «ጉማ» ደግሞ ሰው፣ ወንድ ማለት ነው። በቃ፣ የሙሽሪት ሰው! ይሄ «ጉማ» የላቲኑ «ሆሞ» የሥጋ ዘመድ ነው። ችግሩ፣ ብቻውን ሲቆም ከሰው አፍ ጠፋ። እዚህ ጥምር ቃል ውስጥ ተሸጉጦ ቀረና ትርጉሙን የሚያውቅ ሲታጣ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን በድምፅ በሚቀርበው «ግሩም» ተተካ። ያ ደግሞ ያኔ ልጅ ወይም አሽከር ማለት ነበር (የእኛው «ግሩም» ይሻል ነበር)። የፈረስ ጠባቂነቱ ትርጉም የጎላው ዘግይቶ ነው። በዚህ ታሪክ ተነስተህ «እንግሊዞች ባልን ከአሽከር ቆጠሩት» የምትል ካለህ፣ አትፍረድባቸው፤ ማንም አስቦበት አላደረገውም። ጀርመኖች ዛሬም «ብሮይቲጋም»፣ ስዊድኖች «ብሩድጉም» ይላሉ። የቃሎቹን መጨረሻ እዩት እስቲ፤ «ር» የሚባል ድምፅ የለም። እሷን የጨመሯት እንግሊዞቹ ናቸው።