የአባቴ ስም ቪዛ አገኘ

ዲቪ ሲከፈት ፒያሳ ላይ የማይሞላ ቤት የለም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይሞላል፤ ሲም ካርድ ሻጩም ይሞላል። አንድ ጫማ ቤት በር ላይ ሳይቀር «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት አይቻለሁ። እኔም ባለቤቴ ስትነዘንዘኝ ሰንብታ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብላ ካለች አንዲት ጠባብ ቤት ገባሁ።

«ላስት ኔም?» አለኝ ልጁ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

የአያቴን ስም ነገርኩት።

«የባለቤትዎስ?»

የአያቷን ስም ነገርኩት።

«የልጅዎስ?»

እሱ ደግሞ አያቱ የእኔ አባት ናቸው። የአባቴን ስም ነገርኩት።

ልጁ ያኔ ቀና አለ። «ፋዘር፣ አንድ ቤት ነው የምትኖሩት?»

አልፈረድኩበትም። ሦስት ሰው፣ ሦስት የቤተሰብ ስም። ፈረንጅ ቢያየን ሚኒባስ ውስጥ የተገናኘን ተሳፋሪዎች እንጂ ቤተሰብ አንመስለውም። ስማችንም እኮ ታክሲ ነው። የሚጭነው ሦስት ሰው ነው፤ ራስን፣ አባትንና አያትን። ልጅ ሲሳፈር ቅድመ አያት ከኋላ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይወርዳል። የሚሸኘው የለም። የሚታወሰው ጋብቻ ታስቦ ሰባት ቤት ሲቆጠር ብቻ ነው።

የፈረንጁም ታክሲ ድሮ እንዲሁ ነበር። የጆን ልጅ ጆንሰን፣ የማርቲን ልጅ ማርቲኔዝ። ከዚያ ቀስ በቀስ በሩ ተቆለፈ። አንዳንዱ አገር በልማድ፣ አንዳንዱ በትእዛዝ። ዴንማርክ በ1828፣ ቱርክ በ1934 እ.ኤ.አ. ሕዝባቸው ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ አዘዙ። በሩ ሲዘጋ ውስጥ የተገኘ ጆን እስከ ዛሬ መውረጃ አጥቶ እየዞረ ነው። አይስላንዶች ግን እንደኛ በአባት ስም ቀርተዋል። የስልክ መዝገባቸው እንኳ ሲታተም የሚደረደረው በራስ ስም ነበር። አገሩ በረዶ ባይሆን ዲቪ የምሞላው ወደዚያ ነበር።

እኛም አገር ተሞክሯል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተሰብ ስም እንዳለው ጽፏል። ሕጉ ጻፈ፤ እኛም ሰማንና በአባታችን ቀጠልን።

ለዚህ ሁሉ ፒያሳ ራሷ ትመሰክራለች። የኬቮርኮፍን ሕንፃ ያሠራው ማቲግ ኬቮርኮፍ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ነው። ኬቮርክ ማለት በእነሱ ቋንቋ ማን መሰላችሁ? ጊዮርጊስ! ከፍ ብሎ ደብሩ ያለው የእኛው ጊዮርጊስ። የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ደግሞ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው፤ እሱም አርመን። አንደኛው ቅዱሱን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ ሌላው ጋቢና አስገባው። ናልባንድ ደግሞ የፈረስ ኮቴ ላይ ብረት የሚመታ ባለሙያ ነው። ፈረሰኛው ከፊት፣ የፈረሱ ባለሙያ ከኋላ። እንዲህ የተሟላ ስም እኔ አላየሁም።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም ብንልም ፈረንጅ በግድ ይሰጠናል። በ2005 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ላይ ጥሩነሽና እጅጋየሁ በ5 ሺህም በ10 ሺህም ሜዳሊያ ሲወስዱ፣ የፈረንጅ ጋዜጠኛ የሚጮኸው «ዲባባ! ዲባባ!» እያለ ነው። የሮጡት ሴቶቹ፣ የተጠሩት አባት።

የእኛም ቤት አባት እንዲሁ ሳይሮጡ ተጠሩ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ወረቀቱን ሲያስተካክል የአባታችንን ስም የቤተሰብ ስም አደረገው። ሚስቱ ያዘችው። ሦስቱ ልጆቹም ያዙት። አባቴ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከልክለዋል። ስማቸው ግን ገብቶ፣ ዜግነት ወስዶ፣ ቤት ገዝቷል። «እኔን ያየ ሰው ይመለሳል ብሎ አላመነም፤ ስሜን ግን ሳይጠይቁት አስገቡት» ይላሉ። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም። አምስት ሰው ሳያስፈቅድ ይገለገልበታል ብለው አኩርፈዋል።

ኩርፊያው ለይምሰል ነው። ሰፈር ውስጥ «የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት በእኔ ስም ነው የሚጠሩት» ሳይሉ ቡና አይጠጡም። አንዴ ዕድር ላይም ተናግረውታል አሉ፤ ስለ መዋጮ እየተወራ።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ሲደውሉ ትንሿ የወንድሜ ልጅ ውሻዋን ታቅፋ ቀረበች። ሐኪም ጋ ወስደውት ነበር። የክትባት ካርዱን ወደ ካሜራው አስጠጋችልን። የውሻው ስም ተጽፏል። ቀጥሎ የአባቴ ስም።

«እዚህ እንስሳ የሚመዘገበው በባለቤቱ የቤተሰብ ስም ነው፣ አባባ» አለ ወንድሜ ፈጠን ብሎ።

አባቴ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። ውሻውን አዩት። ካርዱን አዩት። እንደገና ውሻውን አዩት።

«ሲቆጠር» አሉ፣ «ይኼ ከእኔ ስንተኛ ቤት ነው?»