ጨለማ ኪራይ አይጠየቅበትም

ባሕር ዳር ውስጥ ፊልም መሥራት የሚመኝ ወጣት ለምን እንዳልጀመረ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ ገንዘብ የለም። ቪላና አዲስ መኪና ለሚፈልግ የፍቅር ፊልም እውነት ይሆናል። ለአስፈሪ ፊልም ግን ሰበብ ነው።

አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጆርጅ ሮሜሮ ከሞት ስለተነሡ ሰው በሎች የሚተርከውን «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን እ.ኤ.አ. በ1968 ሲያወጣ ወጪው 114 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ለደም የቸኮሌት ሽሮፕ በቃ። አከፋፋዩ ርዕሱን ሲለውጥ የቅጂ መብት ማስታወቂያውን ስለዘነጋ ያገኘ ሁሉ ሳይከፍል አሳየው፤ ሠሪዎቹ ሊያገኙት የሚገባቸው ብዙ ገቢ አመለጣቸው፣ ፊልሙ ግን በእኩለ ሌሊት ትርኢቶች እየተደጋገመ ታማኝ ወዳጆች አፈራ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ደግሞ ተዋናዮቹ ካሜራውን ራሳቸው ይዘው ጫካ ገቡ። ጠንቋይዋ አንዴም አትታይም። ገቢው ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ።

እኛ ዘንድ የተገላቢጦሽ ነው። ፊቱን ዱቄት የተቀባ ጠንቋይ ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ብቅ ብሎ ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይፈራዋል?

ያልታየ ነገር ይበልጥ እንደሚያስፈራ ጣና ዳር የሚኖር ሰው መማር አልነበረበትም። ሲመሽ ደንገሉ ውስጥ ጉማሬ ያጉረመርማል፤ አይታይም፣ ታንኳ ቀዛፊው ግን በድምፁ ብቻ አቅጣጫ ይለውጣል። ዘጌ ተሻግሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባም ሰው በላዔ ሰብእን፣ ሰው በላውን፣ ግድግዳው ላይ ተሥሎ ያገኘዋል፤ 78 ነፍስ የበላውን፣ ሚስትና ልጆቹን እንኳ ያልማረውን፣ በኋላም በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ በሰጠው ጥርኝ ውኃ የዳነውን። ጭራቁ ከሩቅ አልመጣም፤ የቤቱ አባወራ ነው። ምሕረቱም ያለው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ በእጁ ይዞ የውጭ ቫምፓየር የሚቀዳ ሰው ይገርመኛል።

በእርግጥ አንድ ነገር በርካሽ አይገኝም፤ ጥሩ ድምፅ። የስልክ ካሜራ ምስል ዛሬ አያሳፍርም፣ ነፋስ የሚያፏጭበት ንግግር ግን ተመልካቹን ከወንበሩ ያስነሣዋል። ስለዚህ ያለችው ጥቂት ብር ከመብራት በፊት ለማይክሮፎን ትዋል።

ቀሪው የተመልካች ጉዳይ ነው። እንደ ሮሜሮው ያሉ ፊልሞችን ያቆያቸው ተቺ ሳይሆን በየሳምንቱ ተመልሶ፣ ስሕተታቸውን ሳይቀር በቃሉ የያዘ ሕዝብ ነው። እንዲህ ያለ ተመልካች እኛም አናጣም፤ በየቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ተዋናዩን «ዞር በል፣ ከኋላህ ነው!» እያለ የሚጮኸው ልጅ ማን ሆነና? የጎደለው በሩ የተከፈተ አዳራሽ ነው። ከተማችን አዳራሾች አሏት፤ አብዛኞቹም ከስብሰባ በኋላ ይቆለፋሉ። በወር አንድ ቅዳሜ ምሽት ቁልፉን ለወጣቶቹ መስጠት የትኛውን በጀት ይነካል?