ማስተካከያ፦ የመድኃኒት መሟሟት በሱፐርክሪቲካል ካርቦን ዳይኦክሳይድ

መድኃኒቶች በሱፐርክሪቲካል ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ከተወሰነ ሙቀትና ግፊት በላይ የጋዝንም የፈሳሽንም ጠባይ በሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ውስጥ ስለሚሟሙበት መጠን ባቀረብነው ጽሑፍ «ሙቀት በጨመረ ቁጥር የሚሟሟው መድኃኒት ይጨምራል» ማለታችን ስሕተት ነበር። ጋዙ ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስና ከ7.4 ሜጋፓስካል ገደማ በላይ ሱፐርክሪቲካል ከሆነ በኋላ ሙቀት ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል፤ የመድኃኒቱን የመትነን ዝንባሌ ሲያሳድግ የአሟሚውን (የካርቦን ዳይኦክሳይዱን) እፍጋት ግን ይቀንሳል። በ10 ሜጋፓስካል ግፊት ሙቀቱ ከ40 ወደ 60 ዲግሪ ሲወጣ እፍጋቱ በኪዩቢክ ሜትር ከ630 ኪሎ ግራም አካባቢ ወደ 290 ያሽቆለቁላል፤ በዚህም የተነሣ የሚሟሟው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል። በ30 ሜጋፓስካል ግን ቅናሹ ከ910 ወደ 830 ገደማ ብቻ ስለሆነ ሚዛኑ ወደ መትነኑ ያደላል፤ መሟሟቱም ይጨምራል። ሁለቱ አዝማሚያዎች የሚተካኩበት ግፊት እንደ መድኃኒቱ ይለያያል።

የሚሟሟውን መጠን ለማስላት እ.ኤ.አ. በ1982 የቀረበው የክራስቲል ቀመር ግፊትን በቀጥታ እንደሚያስገባ መጻፋችንም ይታረም። ቀመሩ የሚቀበለው እፍጋትንና በኬልቪን የተለካ ሙቀትን ነው፤ ግፊት የሚገባው በእፍጋት በኩል ነው። (በሴልሺየስ ያሰላ አንባቢ ካለ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሠንጠረዣችን የሙቀቱን መለኪያ አልጠቀሰም ነበር።) የቀመሩ ሦስት ቋሚ ቁጥሮችም ከሙከራ ውጤት ጋር እየተገጣጠሙ የሚገኙ በመሆናቸው ለአንድ መድኃኒት የወጡትን ለሌላው መጠቀም አይቻልም።