በደረታቸው ተኝተው የኦርኪድ አበባ ፎቶ ለሚያነሱ ክቡር ጎብኚ

ጉዳዩ፦ ለተፈጥሮ ስላሳዩት ከባድ ፍቅር ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

የእርስዎ ፍቅር በእውነት ከባድ ነው። በእኔ ግምት ከ80 ኪሎ አያንስም። ሙሉውን አሸዋው ላይ ዘርግተውት ስላየሁ ነው ይህን መጻፌ።

ባሕር ዳርቻው ላይ ያለው ጥብቅ ስፍራ መግቢያ ላይ «ከመንገዱ አይውጡ» የሚል ሰሌዳ አለ። ሳያዩት አልቀሩም፤ ጃኬትዎን የሰቀሉት እሱ ላይ ነበርና። ገመዱንም ተሻገሩ። ደግ አደረጉ። ገመድ ለእኛ ለተራዎቹ ነው። እርስዎ «አንድ ደቂቃ ብቻ» የሚባል ልዩ ፈቃድ አለዎት።

መጀመሪያ የጽዳት ሥራውን ጀመሩ። ካሜራውን እንዳይጋርድ ብለው በአበባው ዙሪያ ያለውን ሣር አንድ በአንድ ነጩት። ሙሽራ የምታስውብ ፀጉር ሠሪ እንኳ እንዲህ አትጠበብም። ያ ሣር ለአበባው ከነፋስ መከለያ፣ ከጥንቸል መደበቂያ ነበር። አሁን ተገላገለ። ጥንቸሏም ስትፈልግ አትደክምም።

ከዚያ ተኙ።

ያነሱት ንብ ኦርኪድ ይባላል። የታችኛው የአበባ ቅጠሉ ቡናማ ነው፣ ጠርዙ ጸጉራም፣ መሃሉ ላይ ቢጫ መስመር አለው። ወንድ ንብ ሲያየው ሴት ያገኘ መስሎት ይሞኛል። ንቡ ግን ቢያንስ ሲያርፍ ግንዱን አይሰብርም። እንዲያውም በብዙ ቦታ ይህ አበባ ንብ መጠበቁን ትቶ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ጎብኚ ባይመጣበትም አይከፋውም ማለት ነው።

ክርንዎ ያረፈበት፣ መሬት ላይ ልጥፍ ያለ የቅጠል ክብ ምን መሰለዎት? አረም? እሱም ኦርኪድ ነው። ገና አላበበም እንጂ። በጉልበትዎ ሥርም ነበሩ። በሆድዎ ሥር ያሉትን እንኳ መቁጠር አልቻልኩም፤ ጨለማ ነበር።

እነዚህ ልጆች እዚያ ለመድረስ ያዩትን አበሳ ቢያውቁ! የኦርኪድ ዘር ከአቧራ አይለይም። ሌላው ዘር ስንቅ ተቋጥሮለት ከቤቱ ሲወጣ እሱ ባዶ እጁን ነው የሚበተነው። ለመብቀል አፈር ውስጥ የሚቀልበው ፈንገስ ማግኘት አለበት። ካላገኘ በቃ፣ ቀረ። ቢያገኝም መሬት ውስጥ ተደብቆ ይከርማል። ንብ ኦርኪድ ከዘር እስከ አበባ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ዓመት ይፈጅበታል። እርስዎ ይህን ሁሉ ጣጣ በአንድ ክርን ጨረሱት። ቅልጥፍናዎ ይበል ያሰኛል።

ቦታውም እንዲሁ የተገኘ አይደለም። አሸዋው ውስጥ ያለው የዛጎል ስብርባሪ ኖራ ይሰጠዋል። አፈሩ ድሃ ስለሆነ ትልልቁ ሣር አይፋፋበትም፣ ኦርኪዱም ሳይዋጥ ይኖራል። ድህነት የጠቀመው እሱን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የሚያሳዝነው ምን መሰለዎት? እርስዎ በደረትዎ ተኝተው ትንፋሽዎን ሲይዙ፣ ከጀርባዎ፣ ከመንገዱ አንድ እርምጃ በማይርቅ ቦታ ሐምራዊ ፒራሚድ ኦርኪድ ቆሞ ነበር። ቢራቢሮ ምላሷን ሰደደችበት። ስታወጣው ሁለት ጥቃቅን የአበባ ብናኝ ቋጠሮዎች ተለጥፈውበታል፤ ወደ ሌላ አበባ ታደርስለታለች። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው የኦርኪድ መጽሐፉ በአድናቆት የዘረዘረው ዘዴ ነው። ቆመን፣ ጫማችን ሳይቆሽሽ አየነው። እርስዎ ሥራ ላይ ነበሩ።

ማታ ፎቶውን ከነሎኬሽኑ ለጠፉት። ይህን ቸርነት ምን ብዬ ላመስግነው? አካፋ ይዞ የሚመጣው ሰውዬ ስንት ጉብታ ከመውጣትና ከመውረድ ዳነ። ነቅሎ ጓሮው ሲተክለው ብዙውን ጊዜ ይሞትበታል። ግድ የለም፣ ላይኩ ገብቷል።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ሲነሱ በገቡበት ዱካ ይውጡ። በወዲያኛው በኩል ያሉት ገና አልተረገጡም።

ከአክብሮት ጋር
መንገዱ ላይ ቆሞ የቀረው

ግልባጭ፦
ለጥንቸሏ፦ ሣሩ መነሣቱን እንድታውቀው
ለፈንገሱ፦ የቀለብ ሥራውን እስከሚቀጥለው ትእዛዝ ድረስ እንዲያቆም