ጊዜያዊ ፋይል ማጥፊያዋን ትእዛዝ ስክሪፕት መጨረሻ መስመር ላይ ለምትጽፉ ሁሉ

ቅዳሜ ከሰዓት አዘዞ እናቴ ቤት ነኝ። ቶናው ገና መቀዳቱ ነው፣ ስልኬ ጮኸ። የመሥሪያ ቤታችን ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ «ወንድምዬ፣ ሲስተም የለም፣ ሰው ተሰልፏል፣ እየሰደበኝ ነው።» በረካውን ሳልቀምስ ታክሲ ተጋፍቼ ፒያሳ።

የሰርቨሩ ዲስክ መቶ በመቶ ሞልቷል። ቫር ቴምፕ (/var/tmp፣ የሊነክስ ጊዜያዊ ፋይል ማስቀመጫ) ውስጥ ስገባ በየሌሊቱ የተወለደ፣ ቀባሪ ያጣ የዳታቤዝ ኮፒ ተደርድሮ ጠበቀኝ።

ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ (ዛሬ አዲስ አበባ ደልቶት ይሠራል) ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ የተወልኝ ስክሪፕት፣ ማለትም በተርታ የሚፈጸም የትእዛዝ ዝርዝር፣ ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ዳታቤዙን ይገለብጣል፣ ያጭቃል፣ ወደ ሌላ ሰርቨር ይልካል፣ ከዚያ ጊዜያዊውን ፋይል ያጠፋል። መጨረሻ መስመር ላይ! ስክሪፕቱ ደግሞ ስህተት ካገኘ ወዲያው እንዲቆም ታዟል። ኔትወርክ በተቆረጠ ቁጥር መላኩ ላይ ይሞታል፤ ማጥፊያዋ ጋ የሚደርስ የለም። የእኛን ኔትወርክ ደግሞ ታውቁታላችሁ። «መብራት ሄዶ ሲመጣ ይጸዳል» የሚለኝ እንዳይኖር፤ ቫር ቴምፕ የተሠራው ሪስታርትን እንዲሻገር ነው። ሲስተምዲም (የሊነክስ አገልግሎቶች አስተዳዳሪ፣ አሮጌ ጊዜያዊ ፋይልም ይጠርጋል) ካልነገሩት በቀር 30 ቀን ይታገሰዋል።

እሺ፣ ትልቁን ኮፒ አጠፋሁ። ዲስኩ አሁንም መቶ! ላብ አጠመቀኝ። ለካ አንድ የተንጠለጠለ ፕሮሰስ (እየሄደ ያለ ፕሮግራም) ፋይሉን ከፍቶ ይዞታል። ሊነክስ ላይ ስሙ ቢሰረዝም፣ የያዘው እስኪለቀው ድረስ ቦታው አይመለስም። ፕሮሰሱን ገድዬ ነው የተነፈስኩት።

ይሄ ሁሉ ለአንድ መስመር! በኤምኬቴምፕ (mktemp፣ ጊዜያዊ ፎልደር መፍጠሪያ) ፎልደር ፈጠርክ? እዚያው ሥሩ ትራፕ ኤግዚት (trap … EXIT፣ «ስትወጣ ይሄን አድርግ» የሚል ትእዛዝ) ከማጥፊያዋ ጋር ጻፍ። በሰላም ቢያልቅም፣ ስህተት ቢያቆመውም፣ ኮንትሮል ሲ ብትመታውም ባሽ (ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ያጸዳልሃል። ኪል 9 (ፕሮሰስን በግድ መግደያ) እና መብራት መጥፋት ግን ትራፕ አያውቁም፤ ስለዚህ ስክሪፕቱ ሲነሳ መጀመሪያ የትናንቱን ጥራጊ ይጥረግ። አደራ፣ የፎልደሩ ስም ባዶ መሆኑን ሳታዩ አርኤምን (rm፣ ማጥፊያዋን) ከነ ኮከቧ (*፣ «ሁሉንም» ማለት ናት) አትልቀቁ፤ ከሩት፣ ከሲስተሙ ሥር፣ ጀምራ ነው የምትበላው።

ማታ ንዴቴ አልወጣ ብሎኝ ልጁ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ሰማኝና፦

«ያ ስክሪፕት እስካሁን ይሠራል እንዴ?» አለኝ፣ ደስ ብሎት።