ትልቅ ሌንስ ማለት ብዙ የሚያጎላ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «ለእማማ ከጅማው ሂርማታ ገበያ ትልቁን አጉሊ መነጽር ግዛላቸው፣ በሰፋ ቁጥር የበለጠ ያጎላል» ያልከው ልክ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በጣም የሚያጎሉት ትንንሽና ጎበጥ ያሉ ናቸው። አቅሙ የሚለካው በዳዮፕተር ነው። 100ን ለዳዮፕተሩ አካፍለው፤ ሌንሱ ከጽሑፉ በግምት ስንት ሴንቲ ሜትር መራቅ እንዳለበት ይነግርሃል፣ ለ10 ዳዮፕተር 10 ሴንቲ፣ ለ20 ደግሞ 5 ብቻ። ጉልበቱ በጨመረ ቁጥር በአንዴ የሚታየው ፊደል ስለሚያንስ፣ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ጠንካራ ከገዛህላቸው መስመሩ እየጠፋባቸው ቶሎ ይሰለቻሉ።

እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወረቀቱ ላይ የሚቀመጠውን፣ መብራት ያለውን ፈልግ። በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋም አይቸገሩም፣ ይሄን አትናቀው። የስልክ ካሜራም ለመድኃኒት ጽሑፍና ለዋጋ ይበቃል፣ ለረጅም ንባብ ግን እጅ ያዝላል።

«ዓይን ያሰንፋል» የሚሉትን ደግሞ አትስማ። አጉሊ መነጽር ዓይን አያበላሽም።

ብቻ ከመግዛትህ በፊት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ዓይን ክፍል ውሰዳቸው። የዓይን ሞራ ከሆነ እኮ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፣ ሌንሱም ላያስፈልግ ይችላል።